ከባርሴሎና እስከ በርሊን፦ ካሃል የአንጎልን ሴል ለብቻው ያሳየበት ጉዳይ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የአንጎል አጥኚዎችን ያወዛገበ አንድ ጥያቄ ነበር። አንጎል እንደ ሌላው ሰውነታችን ከተለያዩ ሴሎች የተሠራ ነው? ወይስ ከዳር እስከ ዳር ሳይቋረጥ የተያያዘ አንድ መረብ ነው? ጉበቱም፣ ቆዳውም፣ ጡንቻውም ከሴሎች እንደተሠራ ከ1830ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይታወቅ ነበር። አንጎል ግን አስቸገረ። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት የሚታየው የተጠላለፈ ክር ብቻ ነው። አንዱ ክር የት እንደሚያልቅ፣ ሌላው ከየት እንደሚነሳ አይለይም።

ስለዚህ ብዙዎቹ ሊቃውንት "መረብ ነው" ወደሚለው አደሉ። ጀርመናዊው ዮሴፍ ፎን ገርላህ በ1870ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሐሳቡን አስፋፋው። ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ ደግሞ በራሱ መንገድ አጠናከረው። ተቃዋሚዎች አልጠፉም። ቪልሄልም ሂስና ኦጉስት ፎሬል በ1886 እና በ1887 ሴሎቹ የተለያዩ ሳይሆኑ አይቀሩም ብለው ጽፈዋል። በኋላ በበረዷማው ሰሜን ጉዞው ስሙ የገነነው ኖርዌጂያዊው ናንሰንም በወጣትነቱ እንዲሁ ብሏል። ግን ይህ ነው ብሎ በዓይን የሚያሳይ አልነበረም።

ያሳየው ሰው ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ነው። በዚያ ዘመን ስፔን ውስጥ ስለ አንጎል የሚጻፈውን በርሊን ወይም ፓሪስ ያለ ሊቅ አያነበውም። ካሃል ትልቅ ላቦራቶሪ አልነበረውም። የውጭ አገር አስተማሪም አልነበረውም። እንዲያም ሆኖ በሁለት ዓመት ውስጥ የዘመኑን እምነት ገለበጠ። ሙሉ የሕይወት ታሪኩ ሰፊ ነው፤ እኔ ግን ከ1887 እስከ 1889 ያለው ጊዜ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ምክንያቱም አንድ እውነት መገኘቱና ያ እውነት በሰው ዘንድ መድረሱ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው እንደዚያ ጊዜ ቁልጭ ብሎ የታየበት አጋጣሚ ትንሽ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሥዕል የሚወደው ልጅ

ካሃል ሜይ 1 ቀን 1852 ፔቲያ ዴ አራጎን በምትባል ትንሽ ተራራማ መንደር ተወለደ። አባቱ ሁስቶ ራሞን ከድህነት ተነስቶ በራሱ ጥረት ሐኪም የሆነ ሰው ነው። እንዲህ ያለ አባት ልጁ ዋዛ ፈዛዛ እንዲወድ አይፈልግም። ልጁ ደግሞ የሚወደው ሥዕል ብቻ ነው። ወረቀት ላይ፣ ግድግዳ ላይ፣ ባገኘው ነገር ላይ ሁሉ ይሥላል።

አየርቤ በሚባለው ከተማ ሳሉ አባትየው ነገሩን በባለሙያ ላስፈርድ አለ። ባለሙያ ሆኖ የተገኘው የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሊያድስ የመጣ ለሳኝ ነበር። ሰውየው ሥዕሉን አይቶ "ይህ ልጅ ሠዓሊ አይወጣውም" ብሎ ፈረደ። በዚያው ጉዳዩ ተዘጋ። ካሃል ይህን በእርጅናው ሲጽፈውም ቁጭቱ አልወጣለትም።

ልጁ ግን ረባሽ ነበር። በ11 ዓመቱ በራሱ እጅ በሠራው መድፍ የጎረቤት በር ሰባብሮ ለጥቂት ቀን ታስሯል። በትምህርት ቤትም አልሆነለትም። አባቱ ሲመረው አንድ ጊዜ ከፀጉር አስተካካይ፣ ሌላ ጊዜ ከጫማ ሰሪ ዘንድ ለሙያ ሰጠው። ጫማ መስፋቱን ግን ጎበዝ ሆነበት ይባላል። እጁ ከጥንትም የሚታዘዝ እጅ ነበር።

የአባትና የልጁ ፍላጎት የተገናኘው በ1868 በጋ ላይ ነው። አባትየው ልጁን ይዞ ወደ አሮጌ መቃብር ቦታ ሄደ። ከዚያ አጥንት ለቅመው አናቶሚ ያስተምረው ጀመር። ልጁ አጥንቱን አገላብጦ አየና መሣል ጀመረ። እዚህ ላይ አባትና ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ታረቁ ማለት ይቻላል። አባትየው የሚፈልገው ሕክምና ነው፣ ልጁ የሚፈልገው ሥዕል ነው፤ አናቶሚ ሁለቱንም ይዞ ተገኘ።

ካሃል በ1873 ሳራጎሳ ላይ በሕክምና ተመረቀ። ወዲያው ለውትድርና ተጠራና በ1874 የጦር ሐኪም ሆኖ ወደ ኩባ ተላከ። እዚያ ነፃነታቸውን ከሚፈልጉ ኩባውያን ጋር ጦርነት ነበር። ካሃልን ግን ያንበረከከው ጥይት ሳይሆን ወባ ነው። በ1875 አጥንቱ ገጥጦ ተመለሰ። በኋላም ከዘገየው ደመወዙ ባጠራቀመው ገንዘብ የራሱን ማይክሮስኮፕ ገዛ። ይህን ልብ በሉልኝ። ዩኒቨርሲቲ አልገዛለትም፣ መንግሥት አልገዛለትም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሳንባው ታመመና ተራራ ላይ ወዳለ የጤና ጣቢያ ሄዶ ማገገም ነበረበት።

በ1879 ሲልቬሪያ ፋኛናስን አገባ። ሰባት ልጆች ወለዱ። ስለ ሲልቬሪያ በየታሪኩ የሚጻፈው ጥቂት መስመር ነው፤ እኔ ግን ያለ እሷ የሚከተለው ነገር አይሆንም ነበር ባይ ነኝ። በአንድ የመምህር ደመወዝ ሰባት ልጅ እያሳደገች፣ ባሏ የቤቱን ገንዘብ በኬሚካልና በኅትመት ሲጨርስ እንቅፋት ያልሆነችበት ሴት ናት።

በ1880ዎቹ መጀመሪያ ቫሌንሲያ ላይ የአናቶሚ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1885 ኮሌራ አካባቢውን ሲመታ በሽታውን አጥንቶ ሪፖርት አቀረበ። የሳራጎሳ ክፍለ ሀገር አስተዳደርም ለምስጋና አዲስ የዛይስ ማይክሮስኮፕ ሸለመው። እንግዲህ በዚያ ዘመን ከዛይስ የተሻለ አልነበረም። ካሃል በመሣሪያ ረገድ ከጀርመኖቹ ጋር የተካከለው በዚህ ስጦታ ነው።

ጎልጂ የጀመረው፣ ሌላው የተወው ዘዴ

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የአንጎል ቁራጭ ማይክሮስኮፕ ሥር ብታስቀምጠው ብዙም አይታይህም፣ ቀለም ማቅለም አለብህ። የዘመኑ ቀለሞች ደግሞ ወይ የሴሉን እምብርት ብቻ ያሳያሉ፣ ወይ ሁሉንም አንድ ላይ ያቀልማሉ። ሁሉም ከቀለመ የሚታየው ጭፍን ያለ ጥቁረት ነው።

ጎልጂ በ1873 ይህን የሚፈታ ነገር አገኘ። ያኔ አቢያቴግራሶ በምትባል የጣሊያን ከተማ በማይድኑ ሕሙማን ማቆያ ይሠራ ነበር። ላቦራቶሪው ወጥ ቤት የነበረች ክፍል ናት። የአንጎሉን ቁራጭ መጀመሪያ በፖታሲየም ዳይክሮሜት ያጠነክረዋል፣ ቀጥሎ በሲልቨር ናይትሬት፣ በብር ማዕድን ውህድ፣ ይነክረዋል። ውጤቱ አስገራሚ ነው። ከብዙ ሴሎች መካከል ጥቂቶቹ ብቻ ይጠቁራሉ። የሚጠቁሩት ግን ሙሉ በሙሉ ነው፣ እስከ መጨረሻዋ ቀጭን ቅርንጫፍ። ጀርባው ብጫ ሆኖ ይቀራል። ለምን የተወሰኑት ብቻ እንደሚመረጡ ጎልጂም አላወቀም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ዘዴ እያለ ለምን 14 ዓመት ያህል ተረሳ? አንደኛ ነገር ዘዴው አመለኛ ነው። ዛሬ ይሠራል፣ ነገ አይሠራም። አንዳንዴ ብሩ ዝም ብሎ እድፍ ሆኖ ይዘቅጣል። ደግሞም ጎልጂ ራሱ ያየውን የተረጎመው ለመረቡ ሐሳብ በሚስማማ መንገድ ነው። የሴሉ አጫጭር ቅርንጫፎች፣ ዛሬ ዴንድራይት የምንላቸው፣ ምግብ መሳቢያ ናቸው አለ። ረጅሙ ክር፣ ማለትም አክሶኑ፣ ቅርንጫፎቹ ከሌሎች ጋር ተዋህደው መረቡን ይሠራሉ አለ። ዘዴውን ያገኘው ሰው እንዲህ ካለ ሌላው ምን ይጨምራል?

ካሃል ዘዴውን ያየው በ1887 ማድሪድ ውስጥ ነው። የአእምሮ ሐኪሙ ሉዊስ ሲማሮ ከፓሪስ ይዞት የመጣውን ስላይድ አሳየው። ካሃል በማስታወሻው እንደጻፈው፣ በጠራ ብጫ ጀርባ ላይ የተሣለ ጥቁር የቻይና ቀለም ሥዕል የሚያይ መሰለው። ሠዓሊ መሆን የተከለከለ ሰው ይህን ሲያይ ምን እንደተሰማው መገመት አይከብድም። በዚያው ዓመት የባርሴሎና ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኖ ተዛወረና ሥራውን ተያያዘው።

ዘዴውን እንዳለ አልተቀበለውም። መጀመሪያ ማቅለሙን ደገመው፤ አንድ ጊዜ ነክሮ ያልያዘውን ሁለተኛ ነከረው። ቁራጩንም ወፈር አድርጎ ቆረጠ፤ ክሮቹ ተቆርጠው እንዳይጠፉ።

ትልቁ እርምጃ ግን ሌላ ነው። ያደገ እንስሳ ነርቭ ማይሊን በሚባል ስብ ነክ ሽፋን ይጠቀለላል። ብሩ ይህን ሽፋን አልፎ ክሩን አያቀልምም። ስለዚህ ካሃል ያደገውን ትቶ ወደ ሽሉ ሄደ። በእንቁላል ውስጥ ያለ የጫጩት ሽል፣ አዲስ የተወለደ ትንሽ እንስሳ። ማይሊኑ ገና አልበቀለም፣ ክሮቹ አጭርና ጥቂት ናቸው። እሱ ራሱ ነገሩን ሲያስረዳ፣ ያደገ ጫካ ውስጥ መግባት ካልተቻለ ችግኙ ላይ ማጥናት ምን ይከለክላል ይላል። ሐሳቡ እንዲህ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ግን እነዚያ ሁሉ የታወቁ ላቦራቶሪዎች አላሰቡትም፣ ቢያስቡትም አልገፉበትም።

1888

ካሃል ይህን ዓመት በኋላ የዕድሌ ዓመት ብሎታል። የወፎችን ትንሹን አንጎል፣ ሴሬብለም የሚባለውን፣ በአዲሱ መንገድ አቅልሞ አየ። ያየው ነገር መረብ አልነበረም።

አንዳንድ ሴሎች አክሶናቸውን ልከው የሌላውን ሴል ገላ በቅርጫት መልክ ይከብቡታል። ይጠጉታል፣ ይታከኩታል። አይዋሃዱም ግን። ሌሎች ክሮች በዴንድራይቶቹ ላይ እየተጠመጠሙ ይወጣሉ። እነሱም ነፃ ጫፍ አላቸው። በየትም ቦታ ቢፈልግ አንዱ ሴል ከሌላው ጋር የፈሰሰበት መጋጠሚያ አላገኘም። ከዚያ ሬቲናውን፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን ውስጠኛ ሽፋን፣ ከዚያ የጀርባውን ሕብለ ሰረሰር አየ። ሁሉም ጋ ነገሩ ያው ነው።

በዚያው ሥራ ዴንድራይቶቹ ላይ እንደ እሾህ ያሉ ጥቃቅን ጉጦች አየ። ሌሎች "የብሩ እድፍ ነው፣ የለም" አሉት። እሱ ግን ሜቲሊን ብሉ በሚባል ፍጹም ሌላ ቀለም ደግሞ በ1896 አሳያቸው። ዛሬ ስለ መማርና ማስታወስ የሚያጠኑ ሰዎች እነዚያን ጉጦች ነው ሲለኩ የሚውሉት።

አሁን ችግሩ ማን ይስማው የሚለው ነው። የውጭ መጽሔት ይዘገያል። እሱ ደግሞ በየሳምንቱ አዲስ ነገር ያያል። ስለዚህ የራሱን መጽሔት አቋቋመ። የመጀመሪያው እትም በሜይ 1888 ወጣ። ቅጂው 60 ብቻ ነው። ጽሑፉ የሱ፣ ሥዕሉ የሱ፣ የኅትመቱ ወጪም ከሱ ኪስ። አብዛኛውን ቅጂ በውጭ አገር ላሉ የታወቁ ሊቃውንት በፖስታ ላከው።

መልስ የሚባል ነገር እምብዛም አልመጣም። መጽሔቱ የተጻፈው በስፓኒሽ ነው፤ ከተቀባዮቹ ብዙዎቹ አያነቡትም። ሥዕሉን ያዩትም ቢሆኑ ሥዕል ማስረጃ አይሆንም ብለው ማለፍ ይችላሉ። ይህን ክፍል ሳነብ ሁልጊዜ ይከብደኛል። በራሱ ቋንቋ፣ በራሱ ገንዘብ፣ ትክክል የሆነ ነገር ጽፎ ዝምታ የተመለሰለት ሰው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "አልተረዱኝም" ብሎ ይቀመጣል። ካሃል አልተቀመጠም።

በርሊን ላይ

የጀርመን አናቶሚ ማኅበር በኦክቶበር 1889 በርሊን ላይ ይሰበሰብ ነበር። ካሃል የማኅበሩ አባል ሆኖ ተመዘገበ። ያለውን ገንዘብ አሰባሰበ። የዛይስ ማይክሮስኮፑንና ምርጥ ምርጥ ስላይዶቹን ጠቅልሎ ባቡር ተሳፈረ። ዕድሜው 37 ነው። ጀርመንኛ በቅጡ አይናገርም፣ ፈረንሳይኛውም የተሰባበረ ነው።

የመጣው ንግግር አድርጎ ለማሳመን አልነበረም። የጉባኤው ተሳታፊዎች ስላይድ በሚያሳዩበት ክፍል ጠረጴዛ ያዘ። ማይክሮስኮፑን ተከለ፣ ሌሎች ማይክሮስኮፖችም ተዋሰ። የትንሹን አንጎል፣ የሬቲናውንና የሕብለ ሰረሰሩን ስላይድ አስቀመጠ። ከዚያ ሰው ጠበቀ።

መጀመሪያ ብዙዎቹ በየራሳቸው ሥራ ተጠምደው ነበር። የመጡትም በጥርጣሬ ነው የመጡት። አንድ ስፔናዊ ስለ አንጎል ምን ሊያሳየን ነው? ካሃልም በተሰባበረ ፈረንሳይኛው ምን እንደሚያዩ ይነግራቸዋል። አንድ በአንድ ዓይናቸውን ማይክሮስኮፑ ላይ አደረጉ። ሂስ ነበረ፣ ጀርመናዊው አናቶሚስት ቫልዳየር ነበረ፣ ስዊድናዊው ሬትሲየስ ነበረ። ፊታቸው እየተለወጠ መጣ። ከዚያም እንዴት አድርጎ እንዳቀለመው ይጠይቁት ጀመር።

ከሁሉም በላይ የተነካው አልበርት ፎን ኮሊከር ነው። ኮሊከር በዚያ ጊዜ ከ70 ዓመት በላይ የሆነው፣ የጀርመን ሂስቶሎጂ፣ ማለትም ሰውነትን በማይክሮስኮፕ የማጥናት ሙያ፣ አንጋፋ ነበር። እሱ ያመነበት ነገር በአውሮፓ ይታመናል። አይቶ እንደጨረሰ ካሃልን በራሱ ሠረገላ ወደ ሆቴሉ ወሰደው፣ ራት ጋበዘው፣ ከሌሎቹ ታላላቆች ጋር አስተዋወቀው። ካሃል በማስታወሻው እንደሚለው፣ ኮሊከር እሱን ማግኘቱን እንደ ራሱ ግኝት እንደሚቆጥረውና ይህን ግኝቱን ጀርመን ውስጥ ሊያስታውቅ እንደሚፈልግ ነገረው። ቃሉንም ጠበቀ። ወደ ቤቱ ተመልሶ የካሃልን ዘዴ እየደጋገመ ሞከረ። ያንኑ አየና የመረቡን ሐሳብ ተወ። ካሃልን በቀጥታ ለማንበብ ሲልም በዚያ ዕድሜው ስፓኒሽ ተማረ ይባላል።

እኔ ከዚህ ጉዳይ ውስጥ ለኮሊከር የተለየ አክብሮት አለኝ። ዕድሜ ልኩን የገነባው ስም ያለው ሽማግሌ ነው። ማንም የማያውቀው ወጣት ጠረጴዛ ፊት ቆሞ አጎንብሶ አየ፣ ያየውንም አመነ። ቀላል ነገር አይደለም። ካሃል ጎበዝ ባይሆን በርሊን ምንም አይጠቅመውም ነበር። ኮሊከር ቅን ባይሆን ግን ጉብዝናው ባርሴሎና ውስጥ ብዙ ዓመት ተቀብሮ በቀረ ነበር።

በ1891 ቫልዳየር የተለያዩትን ግኝቶች ሰብስቦ አንድ ላይ ጻፈ። ለነርቭ ሴሉም ኒውሮን የሚለውን ስም አወጣለት። ስሙ የቫልዳየር ይሁን እንጂ ዋናው ማስረጃ የካሃል ነው።

ቀስቶቹ

ካሃል በዚህ አላቆመም። ሴሎቹ የተለያዩ ከሆኑ መልእክቱ በየት ገብቶ በየት ይወጣል? በዚያ ዘመን ይህን በአንዲት ሴል ላይ የሚለካ መሣሪያ የለም። እሱ ግን ከቅርጹ አወጣው። ነገሩ እንዲህ ነው። ዓይን ላይ ብርሃኑ የሚመጣው ከውጭ ነው፣ የሚሄደውም ወደ አንጎል ነው። አቅጣጫው አያከራክርም። ታዲያ ሬቲናው ውስጥ ያሉትን ሴሎች ስታይ ዴንድራይታቸው ወደ ብርሃን ተቀባዮቹ፣ አክሶናቸው ወደ አንጎል ዞሯል። አፍንጫም ላይ ያው ነው። ስለዚህ መልእክት በዴንድራይቱና በሴሉ ገላ ይገባል፣ በአክሶኑ ይወጣል አለ። በ1891 ይህን እንደ አጠቃላይ ሕግ አቀረበው። በሥዕሎቹ ላይ የምናያቸው ትናንሽ ቀስቶች የዚህ ውጤት ናቸው። ከቆመና ከሞተ ቁራጭ ላይ እንቅስቃሴን ማንበብ ማለት ይህ ነው።

በ1890 ደግሞ በጫጩት ሽል ውስጥ እያደገ ያለ አክሶን ጫፍ ላይ አንድ የተነፋፋ ነገር አየ። መንገዱን እየፈለገ የሚገፋው ይህ ጫፍ ነው ብሎ ገመተ። አሜሪካዊው ሮስ ሃሪሰን ከሰውነት ውጭ በሕይወት ያለ የእንቁራሪት ነርቭ አሳድጎ እንቅስቃሴውን በዓይኑ ሲያይ ገና 1907 ነበር።

ሥዕሎቹ ፎቶግራፍ አይደሉም። ካሃል ብዙ ስላይድ ያያል፣ ከዚያ በአእምሮው አዋህዶ ይሥላል፣ መልሶም ከስላይዱ ጋር ያመሳክራል። ይህ "የፈለገውን ነው የሚሥለው" የሚል ትችት አምጥቶበታል። ትችቱ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ሥዕል ምርጫ አለበት። ፎቶግራፍ አልችልም ብሎ ግን አልነበረም፤ በ1912 ስለ ቀለም ፎቶግራፍ መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ነው። ፎቶው በአንድ ጊዜ አንዲት ስስ ሽፋን ብቻ ነው የሚያጠራው፤ ሴሉ ግን ወደ ውስጥም ይዘልቃል። የሱ እጅ ያንን ጥልቀት ወረቀት ላይ ማምጣት ይችል ነበር። ሥዕሎቹ እስከ ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት መኖራቸው በአብዛኛው ትክክል እንደነበር ይመሰክራል።

ስቶክሆልም፣ 1906

ከበርሊን በኋላ ክብሩ ተከታተለ። በ1892 የማድሪድ ፕሮፌሰርነት፣ በ1894 ሮያል ሶሳይቲ በተባለው የለንደን የሳይንስ ማኅበር ንግግር። ለንደን ላይ የተቀበለው እንግሊዛዊው የነርቭ አጥኚ ቻርልስ ሸሪንግተን ነው፤ በሴሎቹ መካከል ያለችውን ቦታ በ1897 ሲናፕስ ብሎ የሰየመው። ከ1899 እስከ 1904 ካሃል ስለ ሰውና ስለ ሌሎች ባለ አከርካሪ እንስሳት የነርቭ ሥርዓት ትልቁን ሥራውን አሳተመ።

በ1906 መኸር አንድ ማለዳ ከስቶክሆልም በጀርመንኛ የተጻፈ ቴሌግራም መጣ። ኖቤል ተሸልመሃል ይላል። ካሃል የተማሪዎች ቀልድ መሰለውና ተመልሶ ተኛ። ጋዜጦቹ ሲወጡ ነው ያመነው።

ሽልማቱ ግን የጋራ ነው። ከማን ጋር? ከጎልጂ ጋር። ዘዴውን ያገኘውና በዘዴው ትክክለኛውን ያየው አንድ ላይ ተሸለሙ። ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዩትም እዚያ ነው። በዲሴምበር 11 ጎልጂ ንግግሩን አደረገ። ርዕሱ ራሱ የኒውሮን አስተምህሮ ነው፣ አንጎል ከተለያዩ ሴሎች የተሠራ ነው የሚለው፤ ይዘቱም ያንን አስተምህሮ መቃወም። ከ17 ዓመት በኋላ፣ የአውሮፓ አብዛኛው ሊቅ ካመነ በኋላ፣ ጎልጂ ያንኑ መረብ ይዞ ቆመ። ካሃል ተቀምጦ ሰማ። መናገር እየፈለገ ሥነ ሥርዓቱ ስለማይፈቅድለት በትዕግሥት ማጣት እንደተንቀጠቀጠ ጽፏል። በማግስቱ ተራው ሲደርስ ያየውን በዝርዝር አቀረበ፤ የጎልጂንም ድርሻ አክብሮ ጠቀሰ።

ጎልጂን ግትር ብሎ መተው ይቀናል። እኔ ፍርዱን ትንሽ አለዝበዋለሁ። ጎልጂን ያስጨነቀው አንጎል እንዴት አንድ ሆኖ ይሠራል የሚለው ነበር። ሴሎቹ ተነጣጥለው ከቆሙ አንድነቱ ከየት ይመጣል? ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱን ግን ከስላይዱ በፊት ይዞት ነበር።

ካሃልም ጥፋት አልባ አልነበረም። ከእሱ ላቦራቶሪ ከወጡት ሁሉ ብርቱው ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ ነው። በ1919 ማይክሮግሊያ የሚባሉትን የአንጎል ጠባቂ ሴሎች ለይቶ አሳየ። ካሃል ግኝቱን በሙሉ ልብ አልተቀበለም። ግንኙነታቸው ሻከረ፤ በ1920 ዴል ሪዮ ኦርቴጋ ከላቦራቶሪው እንዲወጣ ሆነ። ነገሩ ግን ዴል ሪዮ ኦርቴጋ እንዳለው ነበር። አዲስ ነገር ይዞ በሊቃውንት ፊት የቆመ ሰው፣ ሌላው ተመሳሳይ ነገር ይዞ ሲመጣበት ኮሊከርን አለመሆኑ ያሳዝነኛል።

ለአገሩ የሠራው ግን ትልቅ ነው። ወጣት ስፔናውያንን ለትምህርት ወደ ውጭ የሚልክ ተቋም በ1907 ሲመሠረት ሊቀመንበሩ እሱ ሆነ፣ ለረጅም ዓመታትም መራው። የአንጎል አጥኚዎቹ ፌርናንዶ ዴ ካስትሮና ራፋኤል ሎሬንቴ ዴ ኖ የሱ ተማሪዎች ናቸው። እሱ ብቻውን የሄደውን መንገድ ሌሎቹ በስኮላርሺፕ እንዲሄዱት አደረገ። በ1936 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሳ ይህ ሁሉ ተበታተነ። ዴል ሪዮ ኦርቴጋም በስደት በ1945 ቦነስ አይረስ ላይ ሞተ።

ካሃል ይህን አላየም። ሲልቬሪያ በ1930 አረፈች፣ እሱ ኦክቶበር 17 ቀን 1934 ማድሪድ ላይ በ82 ዓመቱ ተከተላት። በመጨረሻ ዘመኑም የኒውሮንን አስተምህሮ የሚከላከል ጽሑፍ ይጽፍ ነበር፤ የመረቡ ሐሳብ ደጋፊዎች ገና አልጠፉም ነበርና።

ክርክሩን የዘጋው ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲናፕስን አጉልተው ሲያዩት በሁለቱ ሴሎች መካከል 20 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ክፍተት ተገኘ (አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው)። በካሃል ማይክሮስኮፕ ይህን ማየት ፈጽሞ አይቻልም ነበር፤ እሱ የደረሰበት ክሮቹ የሚያልቁበትን ነፃ ጫፍ እየተከተለ ነው። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ደግሞ ክሬይፊሽ በሚባል ትንሽ የውሃ እንስሳ ነርቭ ላይ የኤሌክትሪክ ፍሰት ከአንዱ ሴል ወደ ሌላው በቀጥታ የሚያልፍበት መጋጠሚያ እንዳለ ታወቀ። ቆይቶ እንዲህ ያሉ መጋጠሚያዎች በአጥቢ እንስሳት አንጎልም ተገኙ። እዚያም ቢሆን እያንዳንዱ ሴል የራሱ ሽፋን አለው፤ የሚያገናኛቸው ጥቃቅን ቀዳዳ ብቻ ነው። በአንጎላችን ውስጥ አብዛኛው መልእክት የሚያልፈው ግን በዚያች 20 ናኖሜትር ክፍተት፣ በኬሚካል ነው።